በቁጥር ሲገለጽ

ከፒያሳ ጀርባ፣ ጣልያን ከሠራው ቢጫ ፎቅ ላይ፣
ሦስት ሰው ተቀምጧል፣ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በእኔ ጉዳይ።
"ራስዎን ይግለጹ" አለኝ መሐለኛው፣ መነጽሩን እየጠረገ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከቱቦ ጋራ የኖረ አፌ ቃል ፈለገ።

ከእኔ በፊት የገባው ባለ ክራቫቱ ወጥቷል እየሣቀ፤
ፋይሉ ወፍራም ነው፣ ማኅተሙ እንደ ኮከብ ያብረቀረቀ።
የእኔ አንድ ወረቀት ናት፣ ማታ በእርሳስ የሞላኋት፣
"የተጠገነ መስመር፦ ሁለት መቶ አሥራ አራት።"

ጣቷ ላይ ቀለም ያለባት፣ ዳር የተቀመጠች ሴት፣
"ቁጥሩን አየነው" አለች፤ "ሰውየውስ የታል ያለበት?"

አባቴ ቢሆን ኖሮ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን አርገብግቦ፣
"ዘራፍ!" ይል ነበረ፣ አንድ የገደላትን ጅብ
በሦስት አባዝቶ፣ በአንበሳ ደርቦ።
እኔስ በምን ልፎክር? በፈነዳ ቱቦ?
"ዘራፍ የብሎን ጌታ፣ የዝገት ደመኛ!" ብል ማን ሊሰማኝ?
እናቴም "ሥራህ ያውራ፣ አንተ ዝም በል" ብላ ነው ያሳደገችኝ።

ሥራዬ ግን አያወራም። ሥራዬ ከአፈር በታች ነው፤
ሲሳካ ማንም አያየው፣ ሲበላሽ ነው የሚሰደበው።
"ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" የተባለው
ለካ ጆሮ እንጂ አፍ ላላበጀ ሰው ነው።

ስለዚህ ነገርኋቸው፣
አንዲቷን ብቻ መርጬ፣ ከዚያ ሁሉ ሌሊት።
ግንቦት ነው፤ አንገረብ ጎድሎ፣ ግድቡ አጥንቱን ያወጣበት።
ከሆስፒታሉ ተደወለ፤ "የማዋለጃው ቧንቧ ደረቀ።"
ጋኑ ከላይ ሙሉ ነው፤ ከታች ጠብታ የለም፤
መሐል ላይ መሬት ሰረቀ።

የብረት ዘንጌን ጫፍ አስፋልቱ ላይ ተክዬ፣
ሌላውን ከጆሮዬ አዋድጄ፣ እንደ ሐኪም ዝም ብዬ፣
ከአራዳ ቁልቁል፣ በሳሙና በር ዞሬ፣ እርምጃ በእርምጃ፤
ውሻ ይጮኻል፤ ጄኔሬተር ያጉረመርማል፤
የእኔ ድምፅ ግን ከሁሉ በታች ይቃትታል።

አንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ፣ ከደረጃው ሥር ሰማሁት፤
ስስ እሳት ላይ እንዳለ ሽሮ፣ ጥክ ጥክ ሲል ያዝሁት።
ቆፈርን። ክንድ ተኩል። ጭቃ። ድንጋይ። ደግሞ ጭቃ።
ሊነጋ ሲል አገኘናት፤ የጣት ስንጥቅ ናት፣ በቃ።
ቀለበቱን አጥብቀን ሳንጨርስ ስልኬ ጮኸ፤
"መጣ!" አለችኝ አንዲት አዋላጅ፤ ከኋላዋ ሕፃን ጮኸ።
ውሃው ነው ወይስ ልጁ፣ ብዬ አልጠየቅኋትም።
እስከ ዛሬም አላውቃትም።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ባለ ቀለሟ እስክሪብቶዋን አንሥታ፣
ወደ መስኮቱ አየች፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ለአፍታ።
መሐለኛው ቅጹን ገልብጦ ባዶ ሣጥን አሳየኝ፤
"መልካም። ይህ እንግዲህ በቁጥር ሲገለጽ ስንት ነው?" አለኝ።
"አንድ" አልሁት።
"አንድ" ብሎ ጻፈ።

እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ደረጃውን ግማሽ ወርጄ፣
እግሬ እንቢ አለኝ፤ ቆምሁ መደገፊያውን ይዤ።
"ሰማሁ" ብያለሁ፤ ልክ ነው፤ የሰማው የእኔ ጆሮ ነው።
"ቆፈርን" ስል ግን፣ ያ "ን" ማነው?

በአንዲት ፊደል ውስጥ ቀብሬው መጣሁ፣ ያን የቀን ሠራተኛ፣
ፋይል የለው፣ ቅጽ የለው፣ ስሙን የሚጠራ ዳኛ፤
ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ፣ እስከ ብብቱ ጭቃ የገባውን፣
ሲነጋ በሃምሳ ብር፣ በአንድ ዳቦ የሸኘሁትን።

ተመልሼ አንኳኳሁ። "ጊዜዎ አልቋል" አሉኝ።
"አውቃለሁ። አንድ ስም ረስቻለሁ፤ ጻፉልኝ፦
እንየው።"

"ምኑን?" አለ መሐለኛው።